የ«ሴ» አናት

ማታ ማታ፣ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ሲበርድ፣ የአጎቴን መጽሐፍ እከፍታለሁ። መጽሐፍ ስል 64 ገጽ ያላት ቀጭን ጥራዝ ናት። ዘጌ ያለውን የደብራቸውን ታሪክ ሽማግሌ እየጠየቁ በእጃቸው ጻፉና በ1996 ዓ.ም. ባሕር ዳር መጥተው አንድ ኮምፒውተር ቤት አስተየቡት። ዛሬ እሳቸው የሉም፤ ፍሎፒ ዲስኩም ጠፍቷል። የተረፈን ፒዲኤፍ ነው። የመጀመሪያዎቹ ገጾች በቀጥታ ከኮምፒውተሩ የወጡ ናቸው፤ ሌሎቹን አንድ ዘመድ ከታተመችው ጥራዝ ላይ በስልኩ አነሣቸው። ቤተሰቡ እንደገና ትታተም ሲል ፋይሉን ወደ ወርድ መቀየር የእኔ ድርሻ ሆነ።

የአንድ ማታ ሥራ መስሎኝ ነበር።

ከመጀመሪያው ገጽ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርጌ ወርድ ላይ ለጠፍኩ። የወጣው የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የጥያቄ ምልክት የተደባለቀበት ነው። ዓይኔ በአማርኛ ሲያነበው የነበረ ጽሑፍ ከሥሩ አማርኛ አልነበረም። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ኮምፒውተር ቤቶች ደግሞ ከዚያ በኋላም ለዓመታት በለመዱት ሲሠሩ ቆይተዋል። እነ ቪዥዋል ግዕዝና እነ ፓወር ግዕዝ በዚያ ዘመን ለላቲን በተሠራ፣ 256 ቦታ ብቻ ባለው ሠንጠረዥ ላይ የእኛን ቅርጾች እያለበሱ ነበር የሚያስጽፉን። ማሽኑ የሚያስቀምጠው የላቲኑን ቁጥር ነው፤ «ሀ» መስሎ የሚታየው ልብሱ ነው። ያን ብልሃት የፈጠሩትን ሰዎች አከብራለሁ፤ እነሱ ባይኖሩ አጎቴ በአማርኛ ባላስተየቡ ነበር። እነዚህን ገጾች የትኛው ቁጥር የትኛውን ፊደል እንደለበሰ በሚያሳይ ሰንጠረዥ እየመነዘርኩ አወጣኋቸው።

ፒዲኤፍም ቢሆን ለዚህ አልተሠራም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው፣ አንድ ገጽ በየትኛውም ማሽን ቢከፈት መልኩ እንዳይናወጥ ነው። የሚመዘግበው «ይህን ቅርጽ እዚህ ቦታ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ እንጂ ቃሉ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይደለም። በስልክ የተነሡት ገጾች ውስጥ ደግሞ ያ ትእዛዝ እንኳ የለም፤ ያለው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። የይለፍ ቃል የተደረገበት ፋይል ባለቤቱ ከተገኘ ይከፈታል። የፊደል ፎቶ ግን ቁልፍ የለውም፤ የሚከፈተው ሲነበብ ነው፣ ፊደል በፊደል።

ለማሽን ማንበብ ያስተማሩልን ሰዎች አሉ። ቴሴራክት የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል፤ በስልክ የተነሡትን ገጾች የሰጠሁትም ለእሱ ነው። እዚሁ ከተማ ከባሕር ዳር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የወጣ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2019 ለማሽን ማስተማሪያ የሚሆኑ 337,337 የአማርኛ መስመር ምስሎች አዘጋጅቷል። ብዙዎቹ የተጻፉት በእነዚያው በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ቅርጾች ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያም ሆኖ ማሽን ይሳሳታል። የክልላችን ሕግ የሚታወጅበት ዝክረ ሕግ በሁለት ዓምድ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይታተማል፤ ስካን የተደረገውን እትም ዓምዱን ሳይለዩ ለማሽን ቢሰጡት የአማርኛውን መስመር ከእንግሊዝኛው ያጋባዋል። ከመሬት አዋጁ አንዲት አንቀጽ አውጥቶ አቤቱታ ላይ ማስገባት የፈለገ ሰው ዞሮ ዞሮ ቁጭ ብሎ ይተይባታል።

ማረም ሲደክመኝ ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ። ጠዋት ጠዋት የደንገል ታንኳዎች ይታያሉ፤ ከእነሱ ወዲያ የክብራን ደሴት ደን ጠቁሮ ይታያል። ክብራን ገብርኤል የብራና መጻሕፍት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ኤርንስት ሐመርሽሚት የተባለ ሊቅ ወደ ጣና ደሴቶች መጥቶ ብራናዎቹን በማይክሮፊልም አንሥቷል። ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት እንዲሁ ተነሡ፤ ቅጂያቸው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜያቸውን ትልቅ ክፍል እነሱን ሲያነቡና ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ኖሩ። ፊልሙ መልኩን አዳነው። በውስጡ ያለው ምን እንደሆነ የነገረን ግን አንባቢው ነው።

ብራና እንደ ፒዲኤፍ አይደለም፤ ይታረማል። ቁም ጸሐፊ ሲሳሳት በምላጭ ይፍቀዋል፣ የዘለለውን ቃል ከመስመር በላይ በትንሹ ያስገባዋል። የሚያሳዝነው፣ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፍበታል፤ በብዙ ብራና ላይ የተፋቀው ቦታ ሻክሮ ይታያል። ለዚህ ነው በመጨረሻው ገጽ ግዝት የሚጻፈው፦ የሰረቀውም የፋቀውም እንዲወገዝ። አያቶቻችን ሰነድ የቆለፉት በዚህ ነበር። መስረቅንና መፋቅን በአንድ ውግዘት ማሰራቸውን ሳስብ፣ ፋይሉ ወርድ ሆኖ ጠቋሚው ፊደላቱ መካከል ብልጭ ድርግም ሲል እጄ ይከብደኛል። ከእንግዲህ አጎቴ ያሉትን ሁሉ፣ ምልክት ሳልተው፣ መለወጥ እችላለሁ። ብራና ቢያንስ ይሻክር ነበር።

ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ እሠራለሁ፤ በግራ ፎቶው፣ በቀኝ የተተየበው። «ሠ»ን በ«ሰ» የተኩበትን እንዳለ እተወዋለሁ። አንዳንዴ የዘጌ ሰው ብቻ የሚለው ቃል ያጋጥመኛል፤ እሱንም አልነካም።

ገጽ 41 ላይ ለጣሪያው ቆርቆሮ ያዋጡ ሰዎች ዝርዝር አለ። ማሽኑ አንዱን መስመር «አንዲት ቤት 3 ብር» ብሎ አነበበው። እኔም ሁለት ጊዜ አልፌዋለሁ፤ ከላይም ከታችም በቤት የተዋጣ ስላለ ስሕተት አይመስልም። በሦስተኛው «አንዲት» የሚለው ከነከነኝ። አጎቴ ሌላው ቦታ ሁሉ «አንድ ቤት» ነው የሚሉት። ፎቶውን አጎላሁት። የ«ቤ» አናት ሜዳ ነው፤ እዚህ ግን የጉንዳን እግር የምታህል ጭረት ቆማለች። «ሴ» ነው። አንዲት ሴት 3 ብር።

በማግስቱ እናቴ ቡና ስታፈላ አነበብኩላት። ሳታመነታ ስሟን ነገረችኝ። «ቡና ለቅማ ያገኘችውን ነው የሰጠች» አለች።

«ታዲያ አጎቴ ለምን ስሟን አልጻፉትም?»

«አትጻፉኝ ብላ ይሆናል፤ እንዲያ ነበረች።»

ማታ ፋይሉን ከፈትኩ። ጠቋሚው «ሴት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ቆመ። ስሟ አራት ፊደል ነው። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፌው ከአሮጌዋ ጥራዝ ጋር፣ ገጽ 41 መካከል አስገባሁት፤ ፋይሉን እንዳለ ሴቭ አድርጌ ወደ ገጽ 42 አለፍኩ።