ጉልበትና እሳት



እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ፣ አንድ ፖሊስ የጆርጅ ፍሎይድን አንገት ከ9 ደቂቃ በላይ በጉልበቱ ተጭኖ ገደለው፤ 3 ባልደረቦቹም አላስቆሙትም። ከ3 ቀን በኋላ የተቆጡ ሰዎች ፖሊስ ጣቢያውን አቃጠሉ፤ እሳቱ ግን በበደሉ እጃቸው የሌለበትን ጎረቤቶች ሱቅ ጭምር በላ።

ቃጠሎውን እያወገዝን ጉልበቱን ብንረሳ፣ ሰላም የምንለው ዝምታን ነው። ጉልበቱን አውግዘን እሳቱን ብንባርክ ደግሞ፣ የድሃውን እንጀራ በድሃው ስም እናቃጥላለን። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በዚያው ሰሞን ዘረኝነትንም ሁከትንም አብረው ነቅፈዋል።

ከተማይቱ በሰኔ ወር ፖሊስ የሰውን አንገት እንዳይጫን ከለከለች፤ ባልደረባው ሲበድል ያየ ፖሊስም እንዲያስቆመው አስገደደች። ይህ ግዴታ የፖሊስ ብቻ አይደለም፤ ወንድማችን ሲበደል ቆመን ያየን ሁሉ በፍርድ ቀን እንጠየቅበታለን።