ከቅሬው መዝገብ ባሻገር ያለው ባልንጀራ

የክርስቲያን ፍቅር ምንድን ነው ተብለን ብንጠየቅ፣ አብዛኞቻችን መልሱን ከልጅነት ትምህርታችን እናውቀዋለን። ጥያቄው የሚከብደን ይህ ፍቅር በእርሻ፣ በገበያና በጎረቤት ደጃፍ ምን እንደሚመስል ስንጠየቅ ነው። ከዚህም ጋር ሌላ ጥያቄ ይነሣል፦ በዕለታዊ ኑሮአችን እግዚአብሔር ከእኛ ጋር መሆኑን በምን እናውቃለን?

የሐይቅና የአምባሰል ምድር ለዚህ ጥያቄ ባዕድ አይደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ብዙ ደቀ መዛሙርትን አስተምረዋል። በአምባሰል ተራሮች መካከል የሚገኘው፣ የመስቀል ቅርፅ ያለው የግሸን አምባም በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ምእመናንን ይሰበስባል። ሕዝባችን እግዚአብሔርን ፍለጋ ውኃ ሲሻገርና ተራራ ሲወጣ ኖሯል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከአምባው የወረደው ምእመን በማግስቱ አምላኩን ወዴት ያገኘዋል?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ በወሎ የታወቀውን ቅሬ እንመልከት። ሞት በተሰማ ጊዜ የቅሬው አባል ሥራውን አቁሞ ይወጣል። አንዱ መቃብር ይቆፍራል፤ ሌላው እንጨትና ውኃ ያቀርባል፤ ለለቀስተኛውም እህል ይዘጋጃል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ቅሬ ተሳስረው፣ የአንዱን ሬሳ ሌላው ይሸከማል። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ግን ይቀጣል።

እንግዲህ በቅጣት ፍርሃት የተደረገ በጎ ሥራ ፍቅር ሊባል ይችላልን? ፍቅር በፈቃድ የሚሰጥ ስጦታ ነውና፣ ጥያቄው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም ስሜታችን እንደ ክረምት ሰማይ ተለዋዋጭ መሆኑን እናስታውስ። ከጎረቤታችን ጋር በተቀያየምንበት ሰሞን ሐዘን ቢደርስበት፣ እግራችን ወደ ቤቱ የሚያመራው ልባችን ስለ ፈቀደ ሳይሆን ሥርዓት ስላለ ይሆናል። አፈሩን አብረን ካለበስን በኋላ ግን ቂሙ ሲቀል ብዙዎቻችን አይተናል። ሥርዓት ፍቅርን አይተካም፤ ፍቅር በሚደክምበት ሰዓት ግን ደግፎ ያቆመዋል። ቤተ ክርስቲያንም በሰንበት ቅዳሴ እንድንገኝ የምታዘን ልባችን በሞቀበት ቀን ብቻ እንዳንመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ሥርዓት ሁሉ ወሰን አለው። ቅሬው የሚያውቀው አባሉን ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ደሴ ጎረፉ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ደቡብ ወሎን ራሱን አዳረሰ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችም በሐይቅ አካባቢ ተጠልለዋል። የእነዚህ ሰዎች ስም በየትኛውም የመንደር መዝገብ አልነበረም። እንጀራ ባይሰጣቸው፣ ሕፃናቸው ሲሞት ባይቀብርላቸው፣ ማንንም የሚቀጣ ዳኛ አልነበረም። ጎተራ በጎደለበት፣ እንግዳም በሚጠረጠርበት ዘመን በር መክፈት ዋጋ ያስከፍላል። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 ያስተማረንም ይህንኑ ነው፤ ሳምራዊውንና ቆስሎ የወደቀውን ሰው ያስተሳሰራቸው ማኅበር አልነበረም። ሳምራዊው ቆሞ ያነሣው ምንም ሳይገደድ ነው።

ስለዚህ ቅሬው መልካም የፍቅር ትምህርት ቤት ነው እንላለን። ትምህርቱ መፈጸሙ የሚታወቀው ግን ለአባሉ መቆፈር የለመደ እጅ፣ አባል ላልሆነው ሲዘረጋ ነው።

የእግዚአብሔርን ህልውና ስለ ማወቅስ ምን እንበል? አንዳንድ ምእመናን «እጸልያለሁ፤ ነገር ግን ምንም አይሰማኝም» ብለው ያዝናሉ። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 የተነገረውን ፍርድ እናስተውል። በቀኝ የቆሙት ጻድቃን ጌታን ማብላታቸውንና ማልበሳቸውን ሲሰሙ ይደነቃሉ፤ ያን ጊዜ እርሱ መሆኑን አላወቁም ነበርና። ስሜቱ ባይኖራቸውም ጌታ በዚያ ነበረ። እንግዲህ የልብ ሙቀት ማጣት እግዚአብሔር ለመራቁ ማስረጃ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1660 ያረፈው ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል፣ በጸሎት ሰዓት ድኻ ቢጠራቸው ሳይጨነቁ እንዲሄዱ የፍቅር ሥራ ልጆች የተባሉትን እኅቶች ይመክር ነበር። ይህ እግዚአብሔርን ስለ እግዚአብሔር መተው ነው ይላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ አገራችን የመጣው ቅዱስ ዩስጢኖስ ደያቆቢስም የዚሁ ቅዱስ ማኅበር ልጅ ነው። ነገር ግን ምክሩ ጸሎትን ለመተው ሰበብ እንዳይሆነን እንጠንቀቅ። ጸሎት ያጣ አገልግሎት ውሎ አድሮ ውለታ መቁጠር ይጀምራል፤ የተቸገረውንም ሰው እንደ ሸክም ያየዋል። በድኻው ፊት ጌታን ለማየት ዓይናችን የሚሠለጥነው በጸሎትና በቅዱስ ቁርባን ነው።

የተወደዳችሁ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ማታ ኅሊናችንን ስንመረምር አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ በመንደራችን ስሙ በማንም መዝገብ ያልተጻፈ ሰው ማን ነው? ተፈናቃይ፣ ጧሪ ያጣች አሮጊት ወይም ሰው የሚሸሸው በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ልጆችንም ስናስተምር ይህን ሰው በስሙ እንዲጠሩትና ከእኛ ጋር ሄደው እንዲጠይቁት እናድርግ። ለመሄድም ልባችን እስኪሞቅ አንጠብቅ።