ያላለውን «አለ» ማለት



ዛሬ የማነሳው ስለ ደመወዝም ስለ ኢቃማም አይደለም። ጥያቄዬ አጭር ነው። ለሃይማኖት ሲባል፣ ለልጅ ነፍስ ሲባል፣ ሌላ ሰው ያላለውን «ብሏል» ብሎ ማስተማር ይፈቀዳል ወይ? ይሄን ጥያቄ ያመጣብኝ ትምህርት ቤት ዝግመተ ለውጥ ወይም ኢቮሉሽን ስለሚባለው ነገር ለልጆች የሚነገረው ነው።

«ይሄ እኛን ዕቃ አጣቢዎቹን ምን አገባን?» የምትል አትጠፋም። ያገባናል እንጂ። ብር አሕመድ ውስጥ ስንት ልጅ በእጃችን ያድጋል? እናቱ ከቤት ስትወጣ ልጁ ደብተሩን ይዞ የሚመጣው ወጥ ቤት ነው። አገር ቤት ለእናቶቻችን ትተናቸው የመጣናቸው የራሳችን ልጆችም አሉ፤ በስልክ «እማዬ፣ እውነት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

የሚነገረውን ሁላችንም ሰምተነዋል። ሰንበት ትምህርት ቤት የሄድሽውም፣ መድረሳ የተማርሽውም፣ ጸሎት ቤት ያደግሽውም፣ የሰማችሁት ቀልድ አንድ ነው። «ዳርዊን የሚባል ፈረንጅ ሰው ከዝንጀሮ መጣ አለ። እንግዲያው የዛሬዎቹ ዝንጀሮዎች ለምን ሰው አይሆኑም? ያንተ አያት ዝንጀሮ ናቸው እንዴ?» ልጆች ይንከተከታሉ፤ ትምህርቱም በዚያው ያልቃል። የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ስለዚህ ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ። እኔ የተማርኩበት ቦታ፣ ስሙ ይቅርና፣ መምህራችን «ለፈተና ሸምድዱት፣ ወደ ልባችሁ ግን እንዳታስገቡት» ብሎ በአንድ ክፍለ ጊዜ አለፈው። የያዝነው ነገር ቢኖር ያንኑ የዝንጀሮ ቀልድ ነው።

ታዲያ ሰውዬው ምን ነበር ያለው? ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሰው የተናገረው ከሞላ ጎደል ምንም ነው። ስለ ሰው የጻፈው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1871 ነው። እዚያም ቢሆን ዛሬ ገደል ለገደል የሚዘለው ዝንጀሮ ወለደን አላለም። ሰውና እነዚህ እንስሳት በጣም ሩቅ በሆነ ዘመን የጋራ ቅድመ አያት ነበራቸው፣ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ በየፊናው ሄደ ነው ያለው። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች የሰውና የቺምፓንዚ መስመር የተለያየው ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው ይላሉ። ከዝንጀሮ ጋርማ 25 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ወደ ኋላ መሄድ አለብሽ።

ይሄ ለሀበሻ የሚከብድ ነገር አይደለም እኮ። እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጠርበት አገር ነው ያደግነው። የአክስቴ ልጅና እኔ አያታችን አንድ ናት። እኔ ከአክስቴ ልጅ አልተወለድኩም። እሷ በሕይወት መኖሯም የእኔን መወለድ ውሸት አያደርገውም። «አንቺ ካለሽ እሷ ለምን አንቺን አልሆነችም?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሰሜን ተራራ ላይ ሣር የሚግጠው ጭላዳም እንደዚያው ነው። እኛ በራሳችን መንገድ ስንመጣ እሱም በራሱ መንገድ መጥቷል።

ስሕተቱ በከፊል የቋንቋ ይመስለኛል። ቺምፓንዚና ጎሪላ አገራችን ውስጥ ስለሌሉ አማርኛ ስም አላወጣላቸውም። ተርጓሚው በእጁ ያለው ዝንጀሮና ጦጣ ሆነና ዝንጀሮን አነሳ። ይሄ ይቅር ይባላል። «ቲዎሪ» የሚለው ቃልም እንደዚያው። ሰባኪው «ቲዎሪ ማለት ግምት ነው፣ ራሳቸውም እርግጠኛ አይደሉም» ይላል። ግምትማ መላ ምት ነው የሚባለው፤ ቲዎሪ በማስረጃ የተያያዘ ንድፈ ሐሳብ ነው። በሽታ በጀርም ይመጣል የሚለውም ቲዎሪ ነው፤ በዚህ ምክንያት ግን እጁን መታጠብ የተወ የለም። የወባን ነገር ተመልከቱ። ክሎሮኪን ስንት ዘመን ሲያድን ኖሮ የወባው ተሐዋሲ ተላመደውና አገራችን በ1998 ወደ ፋንሲዳር፣ እሱም ሲያቅተው በ2004 ወደ ኮአርተም ቀየረች። መድኃኒቱ ያልገደለው ተረፈ፣ የተረፈው ተራባ፣ ልጆቹም እንደሱ ሆኑ። ዳርዊን ያለው ዋናው ነገር ይሄ ነው። ዝንጀሮ የሚባል ነገር እንኳ አልገባበትም።

በቋንቋ የማይሳበብ ግን አለ። «ዳርዊን ሊሞት ሲል ንስሐ ገባ፣ ያልኩት ሁሉ ስሕተት ነው አለ» ሲባል ስንቶቻችን ሰምተናል? ዳርዊን የሞተው በ1882 ነው። ወሬው የታተመው ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1915፣ አሜሪካ ውስጥ በአንድ የባፕቲስቶች ጋዜጣ ላይ ነው፤ ሌዲ ሆፕ የምትባል እንግሊዛዊት ሰባኪ ሄጄ ጠይቄው ነበር ብላ ያወራችው ነው። ልጁ ሄንሪታ በ1922 በጽሑፍ አስተባበለች። አባቷ ሲሞት አጠገቡ እንደነበረች፣ ሴትዮዋ እንዳልነበረች፣ አባቷም ሐሳቡን እንዳልለወጠ ተናገረች። ዳርዊን ጻድቅ ነበር እያልኩ አይደለም። እሱ ራሱ በስተርጅናው ስለ እግዚአብሔር መኖር ማወቅ አይቻለኝም ይል ነበር። ሰውዬው እንደኖረ ይተው ነው የምለው።

በሙስሊሙም በኩል አለ። ሃሩን የሕያ በሚል ስም ይጽፍ የነበረው ቱርካዊው አድናን ኦክታር ከ2006 ጀምሮ በየአገሩ ላሉ ትምህርት ቤቶችና ምሁራን በነጻ ያደለው አንድ ትልቅ ባለ ፎቶ መጽሐፍ አለ። ፍጥረት በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ምንም አልተለወጠም ለማለት የጥንት ቅሪት ፎቶ ከዛሬ ነፍሳት ፎቶ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከነዚያ «ነፍሳት» አንዱ ዓሣ ለማጥመድ በሰው እጅ የተሠራ ዝንብ ነበር። መንጠቆው ሳይቀር ፎቶው ላይ ይታያል! ይሄን መጽሐፍ ተቀብሎ ለልጅ ያነበበ አባት ልጁን የወደደ መስሎት ነው። አዝንለታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። አንዲት እህት እንዲህ ልትለኝ ትችላለች፦ «ልጁ ከሚጠፋ ትንሽ ውሸት ይሻላል። እኛስ ልጅ ማታ እንዳይወጣ አያ ጅቦ መጣልህ እንል የለ?» ይሄ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ግን አያ ጅቦ የሚጎዳው ሰው የለም። ልጁም አሥር ዓመት ሲሞላው ይስቅበታል፣ በእናቱም አይቀየምም። ዳርዊን ግን ስም ያለው፣ የጻፈው በእጃችን ያለ ሰው ነው። በሐሰት መመስከር የተከለከለው ለወዳጅ ብቻ ነው እንዴ? ኢዮብ በምዕራፍ 13 ወዳጆቹን የሚገሥጸው በዚህ ነው፤ ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆመናል ብላችሁ ሐሰት ትናገራላችሁ ወይ ይላቸዋል። ቁርኣንም ሰዎችን መጥላታችሁ ፍትሕን እንዳያስጥላችሁ ብሎ እንደሚያስጠነቅቅ ሙስሊም እህቶቼ ይነግሩኛል።

ደግሞ ይሄን ከማንም በላይ መረዳት ያለብን እኛ ነን። ሰው ቤት ስንኖር ያላልነው «ብላለች» ሲባልብን እንዴት እንደሚያቃጥል እናውቃለን። የቀለበት መጥፋት ይነሳል፣ ከጎረቤት ጋር የተወራ ወሬ ይነሳል፣ አረብኛችን ስለማይበቃ አፋችንን ይዘን እንቆማለን። በሌለንበት በአራት ሰው ፊት የኛ ቃል ተብሎ ሌላ ቃል ይነገራል። የሞተ ሰውም እንዲሁ ነው፤ ተነሥቶ «እኔ እንዲህ አላልኩም» አይልም።

ሌላም አለ። ልጅ ያድጋል። ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ ወይ ስልኩን ከፍቶ ያነባል። ዳርዊን የዝንጀሮውን ነገር እንዳላለ የሚያውቅበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን የሚጠይቀው ስለ ዳርዊን ብቻ አይሆንም፤ «ይሄን የነገሩኝ ሰዎች ሌላውንስ?» ይላል። ስለ ጾም፣ ስለ ሶላት፣ ስለ ድሆች የነገሩት እውነት ሁሉ ከዚያ ቀልድ ጋር አብሮ ሚዛን ላይ ይወጣል። ለእምነቱ አጥር እንሠራለን ስንል እንጨቱን የምንነቅለው ከገዛ ቤታችን ምሰሶ ነው።

የኛ አገር ነገር ደግሞ ይገርማል። ድንቅነሽ የተገኘችው በኅዳር 1974 አፋር ውስጥ ሐዳር ነው፤ ንጉሡ ከወረዱ ከሁለት ወር በኋላ። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማይበልጥ፣ አንጎሏ ትንሽ፣ አካሄዷ ግን በሁለት እግር። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተገኝቷል። ሰላም የተባለችውን የሕፃን አጽም ዘረሰናይ ዓለምሰገድና ባልደረቦቹ በ2000 እዚያው አካባቢ ዲኪካ ላይ አገኙ። እሷ ደግሞ 3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። በነዚህ እንኮራለን። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲ ተብሏል፣ ለቱሪስት «ምድረ ቀደምት» ብለን በ2016 መፈክር አወጣን። «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብሎ በጠዋት የፎከረ አፍ፣ ከሰዓት በኋላ ለልጆች «ይሄ የሰይጣን ትምህርት ነው» ይላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አይሻልም? እርግጥ ድንቅነሽ በቀጥታ የኛ አያት ትሁን ወይስ የአያታችን ዘመድ፣ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ይከራከራሉ። ይሄንንም ለልጅ መንገር ይቻላል።

ዕድሜዋን እንዴት አወቁ ለምትሉ፣ መልሱ በከፊል እዚሁ ከፊታችን ካለው ባሕር ውስጥ ነው። ሐዳር ላይ የእሳተ ገሞራ አመድ ተነባብሮ ይገኛል፤ አመዱ ውስጥ ባለው የአርጎን ጋዝ መጠን ዕድሜው ይለካል። ከድንቅነሽ በታች ያለው፣ ሲዲ ሐኮማ የሚባለው የአመድ ንብርብር፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል በመርከብ ተቆፍሮ በወጣ ደለል ውስጥም ተገኘ። ጥናቱ በ1985 ታትሟል። አንድ ፍንዳታ፣ አንድ አመድ፣ ግማሹ አፋር ግማሹ እዚህ። ለማመን የሚከብዳችሁ ኖቬምበር 2025ን አስታውሱ፤ አፋር ላይ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ወደ የመንና ወደ ኦማን መጥቷል። እኛ በጀልባ የተሻገርነውን እሱ ያለ ደላላ ተሻገረው።

እውነተኛ ልዩነት የለም ግን አልልም። በቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዓመት ነው፤ በ2018 ዓ.ም. ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይሄና 3.2 ሚሊዮን አንድ ላይ አይሄዱም። እንዴት ይታረቃል? አንዳንዱ መጽሐፉ ዘመን አይቆጥርም፣ ስለ ማን እንደፈጠረ ነው የሚናገረው ይላል። ሌላው አልቀበልም ይላል፤ መብቱ ነው። አልቀበልም ማለት ውሸት አይደለም። ያልተቀበሉትን ነገር አጣሞ ማቅረብ ነው ውሸት።

ከወዲያኛውም ወገን ማጣመም ነበረ። ታላላቆቻችን እንደሚያወሩት በደርግ ጊዜ ካድሬዎች ዳርዊንን ከማርክስ ጋር አስረው «ሳይንስ እግዚአብሔር እንደሌለ አረጋግጧል» ይሉ ነበር። ይሄንንም ዳርዊን አላለም። አማኝ ሆነው ዝግመተ ለውጥን የሚያስተምሩ አሉ። በዩክሬን የተወለደው ቴዎዶስዮስ ዶብዣንስኪ ከትልልቆቹ የዘርፉ ሊቃውንት አንዱ ሲሆን ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር። የካቶሊኩ ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ይሄ ትምህርት ከመላ ምት ያለፈ ነው ብለዋል። ዮርዳኖሳዊቷ ራና ዳጃኒ ሒጃቧን ለብሳ ለሙስሊም ተማሪዎቿ ታስተምረዋለች፤ በ2015 ለምን እንደምታስተምር ጽፋለች። እነሱ ካመኑ እመኑ አይደለም የምለው። ልጅ «ወይ አምላክህ ወይ መጽሐፍህ» ተብሎ ገደል አፋፍ ላይ መቆም የለበትም ነው።

እና ልጁ ሲጠይቅ ምን እንበል? ለራሴ ልጅ ከሆነ «እነሱ እንዲህ ይላሉ፣ ማስረጃችን የሚሉትም ይሄ ነው፤ እኛ ቤት የምናምነው ደግሞ እንዲህ ነው» እላለሁ። ሁለቱንም ሳላጣምም። የማዳም ልጅ ሲሆን ይለያል። በሰው ቤት፣ በሰው ሃይማኖት ገብቶ ማስተማር የኛ ድርሻ አይደለም፤ እንጀራችንንም ያሳጣናል። «አባትህን ጠይቅ» ማለት ይቻላል። ዝም ማለትም ይቻላል። ልጁ የዝንጀሮውን ቀልድ ሲነግረኝ ግን አብሬው አልስቅም፤ ያን ያህል ማድረግ ሥራ አያስባርርም።

የምትቃወሙኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለሚቀጥለው እትም ጻፉልኝ፤ ዓርብ ስንገናኝ ለኔም ሆነ ወረቀቱን ለምትሰበስበው እህት ስጡ። ፎቶ ኮፒው ስለሚወደድ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ እኔ ዛሬ አብዝቻለሁ።