ምርቃት አይደገምም

የሠርግ ፎቶ አነሣስ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የፎቶ ቤት ወግ ነው። ሙሽሮቹ ይቆማሉ፣ ሚዜዎች ግራና ቀኝ ይሰለፋሉ፣ ባለሙያው አገጭ ያቃናል፣ የቬሎውን ጫፍ ይዘረጋል፣ ከዚያ ያነሣል። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን፣ ከእርሱም በኋላ ሙያውን የወረሱት ልጆቹ፣ መኳንንቱን ያነሡት በዚሁ ዓይነት አቁመውና አስቀምጠው ነበር። ሁለተኛው ባለሙያው ዳር ይዞ የሚሆነውን ብቻ የሚከተልበት ነው፤ «ወደዚህ እዩ» የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ሦስተኛው ከፋሽን መጽሔት የመጣው ነው። ቦታው፣ ልብሱ፣ መብራቱ፣ አንዳንዴም ጭሱና ድሮኑ አስቀድሞ ይታሰባል፤ ሙሽሮቹም እንደ ተዋናይ ይታዘዛሉ። ሦስቱም የተከበሩ ሙያዎች ናቸው። የሚያስፈልገው የትኛው ለየትኞቹ ሙሽሮች፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚስማማ ማወቅ ነው።

ይህን የሚጠይቅ ወጣት ግን ጠፍቷል። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ባለው የሠርግ ወቅት ፎቶ ቤት የሚገቡ እጮኛሞች ስልካቸውን አውጥተው የማያውቁትን ሰው ሠርግ ያሳያሉ። «ልክ እንደዚህ ይሁንልን» ይላሉ። በፎቶው ያሉት ሙሽሮች ማን እንደሆኑ፣ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳላቸው፣ ያን አንድ ፎቶ ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደፈጀባቸው አይጠይቁም። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሰው ሠርግም እንዲሁ ነው።

ምርጫው ከጠባይ ይጀምራል። ካሜራ ሲያይ ትከሻው የሚደርቅ፣ ሳቁ ከንፈሩ ላይ የሚቀር ሰው በሦስተኛው ዘዴ ቀኑን ሙሉ ቢነሣ አልበሙ የጭንቀት መዝገብ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ሁለተኛው ይሻለዋል። መቆም፣ መዞር፣ መልበስ የሚወዱ ጥንዶች ደግሞ በሦስተኛው ይደምቃሉ፤ ይህም ነውር የለበትም። ከሠርጉ በፊት የሚደረገው የፎቶ ፕሮግራም ዋና ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ሙሽሮቹ ራሳቸውን ይፈትኑበታል። ባለሙያውንም መፈተን ይገባል። ለማስታወቂያ የሰቀላቸውን ምርጥ ሃያ ፎቶዎች ማየት አይበቃም፤ የአንድ ሠርግ ሙሉ አልበም ከማለዳ እስከ ማታ ያለው ይታይ።

ቀጥሎ የዕለቱ ሥርዓት ይታያል። ተክሊል የሚፈጸመው በማለዳ ከቅዳሴ ጋር ነው፤ ብርሃኑ ጥቂት ነው፣ ብልጭታ የካህናቱንና የምእመናኑን ሐሳብ ይበትናል፣ ፎቶ አንሺው የት መቆም እንደሚችልም የሚወስኑት ካህናቱ ናቸው። በሙሽሪት ቤት ደጃፍ ሴቶቹ «አናስገባም» ብለው ሲጋፉ ማንንም አሰልፎ ማንሣት አይቻልም፤ እዚያ ሁለተኛው ዘዴ ብቻ ያዋጣል። መናፈሻ ሲኬድ፣ ብሔረ ጽጌም ይሁን እንጦጦ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ግን ለፊት ይለሰልሳል። በመልስ ቀን የሚለበሰው ነጭ ጥበብ ሌላ ብልሃት ይፈልጋል። ነጩ ሲበዛ ካሜራው ይታለልና ፊትን ያጠቁራል፤ ፊቱን ለማፍካት ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ የጥለቱን ሥራ ያጠፋዋል። የሐበሻ ልብስ አዘውትሮ ያነሣ ሰው ሁለቱንም ያስታርቃል። እንግዳ አዳራሽ ተቀምጦ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ መናፈሻ ውስጥ የሚዞሩ ሙሽሮችም ሊያፍሩ ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን በምርቃት ላይ የሚደረገው ነው። ሙሽሮቹ ተንበርክከው የወላጅ ጉልበት ይስማሉ። አባት እጃቸውን ዘርግተው «የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ» ማለት ሲጀምሩ ካሜራ የያዘው ልጅ «አባባ፣ አንዴ ይቆዩ፤ መብራቱ አልያዘም፤ ከመጀመሪያው ይበሉልን» ይላል። አባት ያቆማሉ። ሙሽሮቹ ይነሣሉ፣ ቬሎው ይስተካከላል፣ እንደገና ይንበረከካሉ። ሁለተኛው ምርቃት ከከንፈር እንጂ ከሆድ አይመጣም። በአንድ ሠርግ ላይ ሙሽሪት አያቷ ፊት ሦስት ጊዜ ተንበርክካለች። አሮጊቷ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ካሜራ የያዘውን ልጅ ቀና ብለው እያዩ፣ «የፊተኛው አልደረሰም እንዴ?» ሲሉ ጠየቁት። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልቀለዱም። ምርቃት ከአፍ ወጥቶ ፈጣሪ ዘንድ የሚደርስ ነገር መሆኑን ያውቃሉ፤ እንደ ድራማ ሲያስደግሟቸው የመጀመሪያው የወደቀ መሰላቸው።

በዚህ ጥፋቱ የባለሙያው ብቻ አይደለም። የተቀጠረው በሦስተኛው ዘዴ ነው፤ ያ ዘዴ ደግሞ ማስደገምን ይፈቅዳል። ዘዴው የት ጀምሮ የት እንደሚያቆም ያልወሰኑት ሙሽሮቹ ናቸው።

የዚህ ምክር ጸሐፊ የተዳረው በፊልም ካሜራ ዘመን ነው። አንድ ጥቅል ፊልም 36 ፎቶ ያነሣል፤ አቅም የፈቀደው ደግሞ አንድ ጥቅል ነበር። ፎቶ አንሺው ጣቱን የሚያሳርፈው ቆጥቦ ነበር። ሙሽራው የተዋሰው ኮት እጅጌ እስከ ጣቶቹ ስለደረሰ፣ ያው ፎቶ አንሺ ከኪሱ መርፌ ቁልፍ አውጥቶ ወደ ውስጥ አጥፎ ያዘለት፤ በፎቶው ላይ ኮቱ ልክክ ያለ ይመስላል። ወላጆች ለምርቃት ሲቀመጡ ፊልሙ አለቀ። ሰውየው ካሜራውን ከቦርሳው ከትቶ ከእንግዶቹ ጋር ተቀመጠና ብርሌውን አነሣ። የአባት እጅ አናት ላይ ሲያርፍ የነበረው ክብደት፣ ድምፃቸው በመካከል የተቆረጠበት ቦታ፣ ከዚያ የቀጠሉበት ቃል ዛሬም አልተረሳም። የጸሐፊው ባለቤት ግን ያ ፎቶ ባለመኖሩ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። እውነቷን ነው፤ የአባቷ ፊት በዚያ ሰዓት ምን ይመስል እንደነበር ለልጆቿ ማሳየት አልቻለችም።

ስለዚህ ምርቃት ይነሣ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ዘዴ፣ ያለ ቃል። ቦታውን አስቀድሞ ያየ፣ መብራቱን ወላጆች ሳይቀመጡ ያስተካከለ ባለሙያ ማስደገም አያስፈልገውም። «ድገሙ» የሚል ሰነፍ ነው። ሰነፉን «እሺ» የሚሉት ሙሽሮች ደግሞ ከእሱ ይብሳሉ፤ የሽማግሌ ንግግር በመካከል የሚቆረጥበት ቤት ልጅ ምን ሰምቶ ያድጋል?

የቀረው ቀላል ነው። ሦስተኛው ዘዴ ለመናፈሻው ይሰጥ፣ ሰዓቱም ይወሰን። የዘመድ ፎቶ በመጀመሪያው ዘዴ ይነሣ፤ ስሞቹ በወረቀት ተጽፈው ቤተ ዘመዱን ለሚያውቅ ሰው ይሰጡ፣ መቆም የማይችሉ አዛውንት ይቅደሙ። ሶፍት ኮፒው በሁለት ቦታ ይቀመጥ። አልበምም ይታተም፤ አያት ፍላሽ አይከፍቱም። ለካሜራው ከሚከፈለው ገንዘብ በፊት ደግሞ የንስሐ አባት ይጠየቁ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ይታወቅ።

ከባለሙያው ጋር የሚፈረመው ውል ብዙውን ጊዜ ስለ ፎቶ ብዛት፣ ስለ አልበም መጠንና ስለ ቀብድ ይናገራል። በዚያ ላይ አንድ መስመር ይጨመርበት፦ በምርቃት ጊዜ ፎቶ አንሺው አይናገርም።