ስለትና ሥዕል

ቀርቦ ማየት ማወቅ ነውን? አጉልቶ ያየ ሰውስ የመፍረድ መብት አለውን? ጥያቄው የመጣብን ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከአንዲት የሽንኩርት መክተፊያ ቢላዋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብረን አብስለን የምንበላ አራት ጓደኛሞች ነን። ባለፈው ቅዳሜ በየሰፈሩ እየዞሩ ቢላዋና መቀስ የሚስሉ አንድ አዛውንት፣ በእግራቸው እየረገጡ በሚያሽከረክሩት ድንጋይ ቢላዋችንን ስለው ሰጡን። ከመካከላችን አንዱ በስልክ ካሜራ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ አጉሊ ሌንስ አለችው። «እስቲ እንየው» ብለን ስለቱን በቅርብ ፎቶ አነሣነው። ጉድ ነው! ለዓይን ልስልስ ያለው ብረት በፎቶው ላይ የታረሰ ማሳ መስሏል፤ ትልም በትልም ነው።

«አባባ፣ እስቲ ይመልከቱ፤ ይሄ ተሳለ ይባላል?» አልናቸው።

ጥቂት አይተው፣ «እኔ'ኮ በዚህ መነጽር ሠርቼ አላውቅም፣ ልጆቼ» አሉ። የዋጋውን ግማሽ ሰጠናቸው። ሳይከራከሩ ተቀብለው ሄዱ።

ማታ ግን ነገሩ ከነከነን። ከወረቀቱ ገና የወጣ አዲስ ምላጭ በዚያችው ሌንስ አነሣን። እሱም ትልም አለው! እንግዲህ ምላጩም አልተሳለም ልንል ነው?

ነገሩን እንመርምረው። ስለት ማለት ሁለት የብረት ገጾች የሚገናኙበት መስመር ነው። ድንጋይ ብረትን የሚስለው እየጫረ ስለሆነ ጭረት መተው ግድ ነው፤ ድንጋዩ ሲልም ጭረቱም ይልማል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጥሩ ምላጭ ጫፍ ግን ከ0.001 ሚሊ ሜትር ያንሳል። የምናይበት ብርሃን ራሱ የሞገዱ ርዝመት ከ0.0004 እስከ 0.0007 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ከዚህ የቀጠነውን ጫፍ የካሜራ ሌንስ አጥርቶ ሊያሳይ አይችልም። ስለቱን ወደ ላይ አዙረን ብርሃን ብናበራበት፣ የዶለዶመው ቦታ ነጭ መስመር ሆኖ ያበራል፤ የተሳለው ግን ብርሃን የሚመልስበት ወርድ ስለሌለው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ ካሜራው የሚያሳየን ዱልዱምነትን እንጂ ስለትን አይደለም ማለት ነው። ስለት የሚታወቀው ሲቆርጥ ነው።

በቋንቋችን ቢላዋም ይሳላል፣ ሥዕልም ይሣላል። ጆሮ አይለያቸውም፤ የሚለያቸው ፊደል ብቻ ነው። እኛም አምታታናቸው፤ በሣልነው ተነሥተን በተሳለው ላይ ፈረድን።

ታዲያ ፎቶው ከንቱ ነውን? አይደለም። ቢላዋ በአንድ ገጹ ሲሳል ቀጭን የብረት ከንፈር ወደ ሌላው ገጽ ይታጠፋል። አውራ ጣት ሲዳስሰው የተሳለ ይመስለዋል፤ የመጀመሪያውን ቲማቲም ይቆርጥና ወዲያው ይተኛል። ጣት በዚህ ይታለላል፤ አጉሊ ሌንስ ግን ያጋልጠዋል። የኛም ቢላዋ ቢሆን ፎቶውን ደግመን ስናየው፣ እጀታው አጠገብ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ነጭ መስመር አለው። እውነትም እዚያ ጋ አልተሳለም! ስለዚህ ፎቶው አልዋሸም፤ የዋሸው ፍርዳችን ነው።

ለምን ዋሸ? ያየነው ለማስተካከል ሳይሆን ዋጋ ለማስቀነስ ስለነበረ ነው። «አባባ፣ እጀታው ጋ ትንሽ ቀርቷል» ብንላቸው ኖሮ ድንጋዩን ጥቂት አዙረው ይጨርሱት ነበር። ያው ፎቶ ለሳቸው አጋዥ በሆነ ነበር፤ እኛ ግን የክስ ማስረጃ አደረግነው።

«ታዲያ ጉድለት አይነገር?» የሚል ይኖራል። ይነገር እንጂ! የዶለዶመ ቢላዋ ይዞ ዝም ማለት ደግነት አይደለም። ነገር ግን አጉልቶ ያየ ሰው ዕዳ አለበት፤ ጉድለቱ የት ላይ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ በምን እንደሚቃና አብሮ መናገር አለበት። እዚሁ መጽሔት ላይ የጓደኛችንን ግጥም አንሥተን አንዲት የሰነፈች ቤት ስናገኝ፣ «ይሄ ግጥም ይባላል?» የምንለው'ኮ ያንኑ የቅዳሜውን ፍርድ ነው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዲሉ፣ ሌንሷን ወደ ራሳችን ያዞርናት እስከ ስንት ጊዜ ነው?

ቢላዋው እስከ ዛሬ ሽንኩርቱን ሳይጨፈልቅ ይከትፋል፤ እጀታው አጠገብ ካለው ቦታ በቀር። ያስቀረነው ግማሽ ሒሳብ ከጨው ዕቃው ሥር ተቀምጧል። በዚህ ቅዳሜ አባባ ሲጣሩ ከሰማን ሁለት ነገር ይዘን እንወርዳለን፤ ገንዘቡንና ቢላዋውን።