አንዲት አካፋ፣ ሦስት ሥራ



የጀርመን ወታደሮች በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ወገባቸው ላይ ያንጠለጥሏት የነበረች አጭር የምሽግ መቆፈሪያ አካፋ ዛሬ በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች ዘንድ ትፈለጋለች። ብረቷ ላይ የተመታው የፋብሪካ ምልክትና ዓመት በደንብ ከተነበበ፣ የቆዳ ማኅደሯም ካለ ዋጋዋ ይጨምራል።

ግን ምን ሠራች? ወታደሩ በእሷ ከጥይት የሚሸሸግበትን ጉድጓድ ቆፈረ። በእሷ የሞተ ጓዱን ቀበረ። ጠርዟን ስሎ ደግሞ በእሷ ሰው ገደለ። በአንደኛው ጦርነት የተሰለፈው ጀርመናዊው ደራሲ ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ፣ እ.አ.አ በ1929 በታተመ ልብ ወለዱ ይህን ጽፎታል።

ብረት ወንጀል የለበትም፤ ተጠያቂው የያዘው እጅ ነው። ዛሬ የያዛትም እጅ ቢሆን ይጠየቃል።

መሰብሰብን ልከለክላችሁ አይደለም። ኒያችሁን ግን መርምሩ። ስትወለውሏት የሚታያችሁ የሞተው ሰው ነው ወይስ የገዳዩ ግርማ? የናዚ ዘመን ማኅተም ስላለባት ልባችሁ በኩራት ከሞላ፣ እዚያ ላይ ቁሙ። የግፈኛን ግርማ መውደድ ቀስ በቀስ ግፉን ያስለምዳል።

ዝገቷን ከማጽዳታችሁ በፊት፣ የማንን መቃብር ቆፍራ ይሆን ብላችሁ አስቡ።