ሁለተኛ ልጅና የአባት ፍርድ

ሰው የመጀመሪያ ልጁን ባቀፈ ጊዜ አባት ይባላል፤ ሁለተኛው በተወለደለት ጊዜ ግን በአባትነቱ ላይ ፈራጅነት ይጨመርበታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጁን ወደ አንዱ በዘረጋ ቁጥር ከሌላው የሚቀር ነገር መኖሩን ሕሊናው ይነግረዋልና። ከዚህም የተነሣ አባት ሁሉ፣ የተማረውም ያልተማረውም፣ በአራስ ቤት ደጃፍ ቆሞ በልቡ የሚያወጣና የሚያወርደው አንድ ጥያቄ አለ፤ ፍቅር ለሁለት ሲደርስ ይጎድላልን? ወይስ ለእያንዳንዱ ምሉዕ ሆኖ ይኖራል?

የቤተ ክርስቲያን መምህራን ስለ እግዚአብሔር አብ ሲያስተምሩ፣ ፍቅሩ በባሕርዩ ምሉዕ ስለ ሆነ ለአንዱ በመሰጠቱ ከሌላው አይቀነስም ይላሉ፤ እኔም ይህን ሳልጠራጠር አምናለሁ። ነገር ግን ይህንኑ ትምህርት አንሥተን እንዳለ ለሥጋዊ አባት ብንሰጠው ከባድ ስሕተት ላይ ይጥለናል። ሥጋዊ አባት ፍጡርና ውሱን ነውና በአንድ ጊዜ በሁለት ስፍራ ሊገኝ አይቻለውም፤ ፍቅሩ ባይከፈል እንኳ ሌሊቱ ይከፈላል፣ ጉልበቱ ይከፈላል፣ ትዕግሥቱም ይከፈላል፤ ሕፃንም የአባቱን ልብ ገልጦ ማየት ስለማይችል ፍቅሩን የሚመዝነው በዚሁ በሚከፈለው ነገር ነው። ስለዚህ ፈጣሪ በምልአቱ የሚፈጽመውን ፍጡር አባት በርትዕ ሊፈጽመው ይገባዋል፤ ይኸውም ዛሬ ማንን እንደሚያስቀድም፣ ማንንም ጥቂት እንዲታገሥ እንደሚያደርግ እየመዘነ ማለት ነው።

ይህ ርትዕ በጎደለበት ቤት የሚደርሰውን መጽሐፍ ቅዱስ አልሸሸገም። ይስሐቅ ዔሳውን፣ ርብቃም ያዕቆብን ወደዱ፤ ቤቱም ከዚያው ከፍቅራቸው የተነሣ ለሁለት ተከፈለ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የያዕቆብ ነገር ነው፤ በአባቱ ቤት የማበላለጥን መራራነት የቀመሰ፣ በዚሁም ምክንያት ከወንድሙ ፊት የተሰደደ ሰው፣ ራሱ አባት በሆነ ጊዜ ለዮሴፍ ብቻ ጌጠኛ ቀሚስ አልብሶ በ10 ታላላቅ ወንድሞቹ ፊት አቆመው። የተቀበለውን ቍስል ለልጆቹ አወረሰ።

እኛ በላስታ የምንኖር ሰዎች ግን ይህን ነገር ለመመርመር እስከ ከነዓን ድረስ መሄድ አያሻንም፤ 11ዱን የሮሐ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ዐለት ፈልፍሎ አወጣ የምንለው ጻድቅ ንጉሥ ታናሽ ወንድም ነበርና። ገድሉ እንደሚተርከው፣ ቅዱስ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከብበውት ስለ ታዩ እናቱ መንግሥት እንደሚጠብቀው ተናገረች፤ ለእናቱ ደስታ የሆነው ይህ ትንቢትም ኋላ ለነገሠው ለታላቅ ወንድሙ ለሐርቤ ሥጋት ሆነበት፤ ላሊበላም ከዘመድ እጅ መርዝ እስከ መጠጣት፣ ከአገሩም እስከ መሰደድ ደረሰ፤ በመጨረሻም ሐርቤ ዙፋኑን ለቀቀለት። ምእመናን ይህን ገድል የሚያዳምጡት የታናሹን ክብር ለማሰብ ነው፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን አባት ከሆንሁ ወዲህ በተነበበ ቁጥር ልቤ ወደ ታላቁ ልጅ ያዘነብላል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው እንደሚበልጠው በገዛ ቤቱ ሲነገር እየሰማ ያደገ ልጅ ምን ዓይነት ሐዘን ይዞ እንዳደገ አስባለሁ። ትውፊታችን ደግሞ ላሊበላና ንግሥት መስቀል ክብራ የሐርቤን ልጅ ነአኵቶ ለአብን እንደ ልጃቸው አድርገው እንዳሳደጉት፣ የአብራካቸው ክፋይ ይትባረክ እያለም መንግሥቱ አስቀድሞ ለወንድም ልጅ እንደ ተላለፈ ይናገራል። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዋሻ ውስጥ በታነጸው በነአኵቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዐለቱ ጣሪያ የሚንጠባጠበውን ጸበል ምእመናን እስከ ዛሬ በድንጋይ ገበቴ እየተቀበሉ ይጠመቁበታል፤ እኔም ከዚያ በደረስሁ ጊዜ ያዕቆብ ያላደረገውን ላሊበላ እንዳደረገው ትዝ ይለኛል።

የአገራችን ሥርዓትም ይህን ነገር ዝም ብሎ አላለፈውም። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ በጸናው የርስት ሕግ በኵር ብቻውን አይወርስም ነበር፤ ወንዱም ሴቷም በአባትና በእናት ርስት ላይ ድርሻቸውን ሊጠይቁ ይችሉ ነበር። እንዲህም ሆኖ ወንድማማች በርስት ተካስሶ በዳኛ ፊት ሲቆም ኖሯል፤ ገመድ የሚለካው መሬትን ብቻ ነውና።

ቤተ ክርስቲያን ግን ለአባት ጊዜ ሰጥታዋለች። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ስለሚተርክ የቀኑን ምክንያት ከዚያ ያመጣዋል። በእነዚህ ቀኖች እናት በአራስነቷ ከቤተ መቅደስ ርቃ ስለምትቆይ፣ ታላቁን ልጅ ወደ ቅዳሴ ይዞ የመሄዱ ነገር በአባት ላይ ይወድቃል። የእኔ ሁለተኛዋ ልጅ ሴት ናት፤ በእነዚያ ሰንበቶች ከእናቱ ጉያ የማይለየውን ወንድሟን ይዤ፣ ነጠላዬን አልብሼው፣ በዐለቱ መካከል በተፈለፈለው ጠባብ መንገድ ወደ ቤተ ማርያም ስወርድ፣ ስለ ዲያቆኑ ጽና፣ ስለ ከበሮው፣ በግድግዳው ላይ ስለ ተሣሉት አራዊት ሲጠይቀኝ፣ ከዚያ በፊት ያልሰማሁትን ድምፁን ሰማሁ። ታናሺቱ በመምጣቷ ታላቁን ሰጠችኝ። ክርስትና በተነሣችበትም ቀን ካህኑ በእኅቱ አንገት ማዕተብ ሲያስር ባየ ጊዜ እርሱም አንገቱን አቀረበ፤ ካህኑም ሳይቈጣው የቀድሞውን ፈትቶ አዲስ አሰረለት፤ ስለዚህም እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

በሉቃስ ወንጌል የተጻፈው አባት፣ የጠፋው ልጁ በተመለሰለት ቀን፣ ግብዣው ሞቆ እንግዶቹ ተቀምጠው ሳሉ ተነሥቶ ወጣ፤ አልገባም ብሎ በውጭ የቆመውንም ታላቅ ልጁን ለመነው። ስለ ታረደው ፍሪዳ ብዙ ይሰበካል፤ ስለዚህ ስለ አባት መውጣት ግን እምብዛም አይነገርም፤ እኔ ግን የአባትነት ርትዕ በሙላት የተገለጠው በዚህ ስፍራ ይመስለኛል።

ስለዚህ አራስ ለመጠየቅ የምትመጡ ዘመድ ወዳጆችን ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በደጃፍ የቆመውን ታላቅ ልጅ «እንግዲህ ተሻርህ» እያላችሁ አትጫወቱበት፤ ለእናንተ ጨዋታ የሆነውን እርሱ እውነት ብሎ ይቀበለዋልና። አስቀድማችሁ እርሱን በስሙ ጠርታችሁ ሳሙት፤ ገንፎው ቀርቦ ሳለም አባቱ ልጁን ብሎ ተነሥቶ ሊወጣ ቢፈልግ፣ እንግዳ ተቀምጦ እንዴት ይወጣል ብላችሁ አታስቀሩት።